የቅዳሜ ባትሪ

ሐምሌ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የባለቤቴ የኢቢሳ አባት ኦቦ ኩማ ቁልፉን አዞሩ። መኪናው «ቀጭ» አለና ዝም አለ።

ደግመው አዞሩ። ቀጭ። ከዚያ በኋላ ከላያችን ባለው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ተሰማ።

እኔ በተከፈተው በር አጠገብ ቆሜያለሁ። እንደማይነሳ ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ። የምናገረውንም አዘጋጅቼ ነበር።

«ብርዱ ነው አባቴ» አልኳቸው። ስማቸውን በአፌ ጠርቼ አላውቅም፤ በቤታቸው ምራት የአማቷን ስም አትጠራም።

 ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው ስፖርት መኪና ነው። ኢቢሳ ለሙሽሮች ያከራየው ነበር። ኦቦ ኩማ ከመኪናው ለመውጣት እጄን በያዙ ቁጥር፣ ኢቢሳ ይህን የገዛው አባቱ ገብቶ እንዲቀርለት ነው ይላሉ።

ክረምት ሠርግ የለም። የሰፈራችን የባኬ ጃማ ጭቃም እንዲህ ያለ መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ ኢቢሳ ሰኔ ሲገባ በዐሥር ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፈታል፣ የገመዱን ጫፍ በአሮጌ ካልሲ ይጠቀልላል፣ «ይተኛ» ይላል። መስከረም ላይ መልሶ ያስረዋል። ባትሪው እንደዚያ እየተኛ አምስት ክረምት አልፏል።

በመጋቢት ኢቢሳ ከዲጋ በሰው ሚኒባስ ሲመለስ በአደጋ ሞተ። የራሱ መኪና እዚሁ ግቢ ቆሞ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ኦቦ ኩማ አንድ ቅዳሜ መጥተው ቁልፉን ጠየቁኝ፤ አስነሥተው አምስት ደቂቃ ያህል ሰሙትና አጠፉት። ባትሪው እንዳይሞት ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም።

አምስት ደቂቃ ማስነሣት ባትሪውን እንደሚገድለው አውቃለሁ። ሞተሩን ለማስነሣት የወጣው ኃይል በአምስት ደቂቃ አይመለስም፤ ኢቢሳ አሳይቶኛል። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ልጅ አልወለድንም። እናቴና ወንድሞቼ ከኪራሙ ተፈናቅለው ከወጡ ወዲህ ደብረ ብርሃን ናቸው። በዚህ ከተማ በሬን የሚያንኳኳ ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚመጡት ለመኪናው ነው። መኪናው ከተኛ ምን ብለው ይመጣሉ?

ስለዚህ ሰኔ ከገባ ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ባትሪውን እፈታለሁ። በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ እስከ አስፋልቱ እሸከመዋለሁ፣ ከዚያ በባጃጅ ቻርጅ ቤት አደርሰዋለሁ፣ ዓርብ አምጥቼ መልሼ አስረዋለሁ። ሰባት ሳምንት። ወገቤ ሌሊት ያስነሣኛል። በዚህ ሳምንት ግን ከረቡዕ ጀምሮ መብራት ጠፋ። የቻርጅ ቤቱ ሰውዬ ባትሪውን እንደወሰድኩት መለሰልኝ።

ኦቦ ኩማ እጃቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ዘረጉ። እዚያ ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚበራ ትንሽ ሰዓት አለ። ከኪሳቸው የክብሪት እንጨት አውጥተው የሰዓቱን ትንሽ መሙያ ይጫኑ ጀመር። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ከዚያ ደቂቃውን አንድ በአንድ እስከ ዐሥራ አምስት ገፉት። አልቸኮሉም።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ሰዓቱን እየሞላሁ ነው። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚጠብቀኝ።»

ባትሪውን ስመልስ የመኪናውን ቁልፍ አዙሬ፣ ሰዓቱን አይቼ አላውቅም ነበር።

«ባትሪ ካልተፈታ ይህ ሰዓት አይጠፋም፤ ከተፈታ ግን እስኪሞሉት አንድ ሰዓት ላይ ይቆማል» አሉ፣ አሁንም እኔን ሳያዩ። «እሱ ነው የነገረኝ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። ከሰኔ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የቻርጅ ቤቱን ሰውዬ ጠይቀውታል።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ሲያዝኑልኝ ልጄ የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው። «ጉልበቴ አልቋል። ይህን ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ ነው የማርፈው። ቅዳሜ ሲመጣ ምነው ዛሬ ብቀር እላለሁ። ግን አንቺ ያን ድንጋይ ተሸክመሽ እየወረድሽ እኔ እንዴት እቀራለሁ?»

«እኔም እኮ እርስዎ ስለሚመጡ ነው» አልኩ።

ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ ሁለታችንም ዝናቡን አየን። እንዲያ ደክሞኝ እንደነበር እስከዚያ ሰዓት አላወቅኩም፤ የመኪናውን ጣሪያ ተደግፌ ቀረሁ።

«ፍቺው» አሉ በመጨረሻ። «ይተኛ።»

ዐሥር ቁጥሩን ቁልፍ አመጣሁ። ከመኪናው ወጥተው ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ፤ የሚደግፈው ዘንግ እያለ ያዙልኝ። የኢቢሳን ካልሲ ፈልጌ አጣሁት። መሐረባቸውን ሰጡኝና የገመዱን ጫፍ በእሱ ጠቀለልኩት። በመስኮቱ ሳይ አሁን የሞሉት ሰዓት ጠፍቷል። ለስንብት እጄን ሳልሰጣቸው፣ እሳቸውም ስለ ቅዳሜ ምንም ሳይሉኝ ዳገቱን ወረዱ።

መኪናውን ጥቅምት 23፣ ዓርብ ቀን፣ ለደምቢዶሎ ሰው ሸጥነው። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ኦቦ ኩማ መጡ፤ መኪናው በነበረበት ቦታ ወንበር አወጣሁላቸው።