ሦስተኛዋ

ሦስተኛ ሰው እንዳይደመጥ ከታወጀ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ብሶት ካሰሙ በጉዳዩ ላይ የሚደረገው ጥናት «ሞልቷል» ይባላል፤ መፍትሔ ይነደፋል፤ ሦስተኛው ባለጉዳይ በክብር ይሸኛል። እውነት ለመናገር፣ ድሮ በጥናት ብዛት ዓመታት ይፈጅ የነበረው ሁሉ አሁን በሳምንት ያልቃል። ትምህርት ቤትም ያው ነው፤ ሁለት ልጆች የጠየቁትን ሦስተኛው አይጠይቅም።

በሆስፒታሉ የለውጥ ጥናት ክፍል ብሶት አድማጭ የሆነችው ትርሲት ዛሬም አንዲት እናት ሸኘች። ሴትየዋ ልጇ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ወረፋ ሳይደርሳት እንደሞተች መናገር ስትጀምር የድምፅ መቅጃው አረንጓዴ መብራት «ሞልቷል» ሲል በራ።

«እናቴ፣ ይህን ከእርስዎ በፊት ሁለት ሰዎች ነግረውናል። ወረፋው ይስተካከላል» አለቻት ትርሲት።

«ይስተካከል፣ ደግ ነው። የኔዋን ግን ስሟን እንኳ አልጠየቅሽኝም፣ ልጄ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አመሻሽ ላይ ትርሲት ቤቷ ስትገባ ሁለቱ ትልልቅ ልጆቿ «ሆዳችንን!» እያሉ ተቀበሏት። ምሳ የበሉት ነገር ይሆናል ብላ ጤና አዳም አፍልታ አጠጣቻቸው፤ ቀለል አላቸው። ትንሿ ሶስና ጥግ ይዛ ዝም ብላለች። ራቷን ልታጎርሳት ስትጠጋ የልጅቷ ግንባር እጇን እንደ ፍም ፈጃት። ከንፈሯ ክው ብሎ ደርቋል።

«ምነው ሶሲዬ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

ልጅቷ የእናቷ ጥያቄ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻት።

«ሁለቱ ነግረውሽ የለ?» አለች።