የማን አራት ሰዓት ነው?

«ደብዳቤ… አንድ ቀን እንኳን በአፍህ ብትመልስልኝ ምን ትሆናለህ?»

አለቃዋ ይህን ያለችው በቪዲዮ ስብሰባ ላይ፣ ቡድኑ በሙሉ እየሰማ ነው።

ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ።

ስብሰባው እንዳለቀ የቡድኑ ግሩፕ ላይ የእሱ ጽሑፍ መጣ። «ዛሬ የተወሰነውን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ…» ይልና አስራ ሰባት መስመር ይቀጥላል።

አለቃዋ ርዝመቱን አየችና ዘጋችው። እንደ ሁልጊዜው።

ነገሩ እንዲህ ነው…

አስራ ሁለት ኢንጂነሮች ናቸው። የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ሲስተም ነው የሚሠሩት። ሰው ሲደውል አድራሻውን በራሱ ይዞ በቅርብ ላለው ሹፌር የሚልክ።

ግን በሦስት ከተማ ተበትነው ነው የሚሠሩት። ተጨባብጠው አያውቁም። አንደኛው ከተማ ደግሞ ውጭ አገር ስለሆነ ሰዓቱ ከሌሎቹ በሁለት ሰዓት ይቀድማል።

ደብዳቤን ዋናው ቢሮ በጽሑፍ ፈትኖ ቀጥሮ ነው የላከላት። ስልክ አያነሳም። ስብሰባ ላይ አይናገርም። ይጽፋል… ይጽፋል… ይጽፋል። ስሙም በዚሁ ወጣለት።

ማታ ራት ላይ ባሏ ራሱ «ዛሬስ ደብዳቤ ስንት ገጽ ላከ?» እያለ ይስቅባታል።

«ኩራቱ ነው» ትለዋለች። «እኛን ማናገር ይጠየፋል። እኔ የእሱን ድርሰት እያነበብኩ መቼ ልሥራ?»

አንድ ማክሰኞ አዲሱ ሲስተም ተጠናቀቀ።

አለቃዋ ስብሰባ ጠራች። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እናንተ አሮጌውን ታጠፋላችሁ፣ እኔ አዲሱን አበራለሁ። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው» አሉ ከደብዳቤ በቀር ሁሉም።

ግልጽ አልነበረም።

በማግስቱ ሰዓቱ በሚቀድመው ከተማ አራት ሰዓት ሲሆን ልጆቹ አሮጌውን አጠፉ። እሷ ጋ ግን ገና ሁለት ሰዓት ነው። ታክሲ ውስጥ ናት… ስልኳ ቦርሳ ውስጥ ነው…

አሮጌው ጠፍቷል። አዲሱ አልበራም።

የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኞች ስክሪኑ ጭር ሲልባቸው ሰላም የሆነ ጠዋት መስሏቸው ወሬያቸውን ይዘዋል።

አርባ ደቂቃ።

ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተችና የስልክ መስመሩን መዝገብ አየች። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ውስጥ አስራ ዘጠኝ ሰው ደውሏል። አንዷ አራተኛ ፎቅ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ናት። አንዱ ትንፋሽ ያጠራቸው አዛውንት ናቸው።

ወዲያው አዲሱን አበራችና ወደ አምቡላንስ ሹፌሮቹ አንድ በአንድ መደወል ጀመረች።

«ኧረ እሷንማ አድርሰናታል» አላት የመጀመሪያው። «አድራሻውን በቴክስት ላካችሁልን አይደል እንዴ?»

ሁለተኛውም እንደዚሁ… ሦስተኛውም…

አስራ ዘጠኙም ደርሰዋል።

የላከው ደብዳቤ ነው። የሲስተሙን ቅጂ በጎን ከፍቶ፣ የገባውን ጥሪ ሁሉ እያየ፣ ለሹፌሮቹ በእጁ ሲጽፍ ነበር።

መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ደሟ ፈላ።

ሦስት ጊዜ ደወለችለት፤ አላነሳም። «ካወቅህ ለምን አልደወልክልኝም?» ብላ ጻፈችለት።

«ትናንት ጽፌያለሁ» ብሎ መለሰ።

ከፍታ አየችው። ዘጠነኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል… «አራት ሰዓት የተባለው የማን አራት ሰዓት ነው? መልስ ካላገኘሁ ለጥንቃቄ ቅጂ በጎን አዘጋጃለሁ።»

«ዘጠነኛ መስመር!» አለች ለባሏ። «ሰው ይሞታል የሚለውን ነገር ዘጠነኛ መስመር ላይ ይጽፈዋል! ነገ ሄጄ ፊት ለፊት ነው የማናግረው።»

ወደ ደብዳቤ ከተማ ለስድስት ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ተጓዘች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስትለማመድ ነበር።

በሩን የከፈቱላት እናቱ ናቸው።

«ከመሥሪያ ቤቱ ነሽ የኔ ልጅ? ግቢ ግቢ፣ ውስጥ ነው።»

የክፍሉን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

«ተይው፣ እሱ በማንኳኳት አይሆንም» አሉና ከበሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁለቴ ጫን ጫን አደረጉት።

ውስጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ደብዳቤ ዞር ብሎ አያቸውና ፈገግ አለ።

«ሦስት ዓመቱ ላይ ታሞብኝ ነው ጆሮው መስማት የተወው» አሉ እናቱ። «አልነገራችሁም እንዴ?»

«አንድም ቀን» አለች። የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት።

እሱ ከንፈሯን ሲያይ ቆይቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ግሩፑን ወደ ላይ ገፋው… ገፋው… ሥራ የጀመረበት ቀን ድረስ።

«ሰላም ለሁላችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ አይሰማም። ካሜራ የሚከፍት ሰው ሲያወራ ከከንፈሩ ጥቂት እይዛለሁ። የወሰናችሁትን በጽሑፍ ብታደርጉልኝ እኩል እሠራለሁ። አመሰግናለሁ።»

ከሥሩ አስራ አንድ የአውራ ጣት ላይክ ተደርጎለታል።

የመጀመሪያው የእሷ ነው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና «ይቅርታ። አላነበብኩትም ነበር» ብላ ጻፈች።

እሱም ከሥሩ ጻፈ… «አውቃለሁ።»

ዛሬ ያ ቡድን ስብሰባ ሲጨርስ የተወሰነውን አለቃዋ ራሷ ትጽፋለች። ማን፣ ምን፣ በየትኛው ከተማ ሰዓት። ሁሉም አንብቦ በራሱ ቃል ይመልሳል፤ አውራ ጣት ክልክል ነው። ደብዳቤም አስቸኳይ ጥያቄ ካለው አንደኛ መስመር ላይ ያደርገዋል… ይህቺን እሷ ናት የለመነችው።

እኔ አድሚኑን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? «ግልጽ ነው» ማለት ተረዳሁ ማለት አይደለም። «ላይክ» ማድረግም ማንበብ አይደለም። ተራርቀን ስንሠራ የሚያገናኘን ያ የተጻፈው ነገር ብቻ ነው… እሱንም ካላነበብነው ምን ቀረን? ሰውን «ኩሩ ነው» ከማለታችን በፊት የነገረንን እናንብብ።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ… ሳታነቡ «እሺ» ብላችሁ ያለፋችሁት፣ በኋላ ግን ያስቆጫችሁ መልእክት አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እኔ አነባለሁ… እስከ ዘጠነኛው መስመር።