የዘጠኝ ቁጥር አስታማሚ

ሆስፒታል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሐኪም ያክማል፣ ነርስ መርፌ ትወጋለች፤ በሽተኛውን የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ጨርቁን የሚያጥብለት ግን አስታማሚ ነው። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ግማሽ በሽተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ሁለት ጊዜ የታመመ ነው።

ገነት እናቷን ይዛ ከእብናት ደብረ ታቦር ከመጣች ወር አልፏታል። እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ገነት ማታ ሲሚንቶው ላይ ሰሌን አንጥፋ ትተኛለች፤ ቀን ታጎርሳለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ስለገባ ሰው ሲያናግራት እንኳን ቶሎ አትሰማም።

አሁን ደግሞ ጤፉ ደረሰ። ጎረቤቷ ይሻው ደወለ። ጤፉን አጭዶላታል፤ ነዶው ማሳው ላይ ተኝቷል። እሱም የራሱ አዝመራ አለበት፤ ሰማዩ ደግሞ አያምርም። መጥታ ካልከመረችው የዓመት ቀለባቸው መበላሸቱ ነው። ለሁለት ቀን ደርሳ ለመመለስ፣ እናቷን አደራ የምትሰጠው ሰው ያስፈልጋታል።

ሰው ነበረ። ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ እማማ ውዴ የሚባሉ አሮጊት ይተኛሉ። እግራቸው አብጧል፤ ከጉና ሥር እስከ መኪናው መንገድ በእግራቸው ነው የወረዱት። ልጃቸው አዛለች ከአልጋው ሥር ሰሌን ላይ ታድራለች። ይህች አዛለች የእናቷን ትራስ ታስተካክልና የክፍሉን በሽተኛ ሁሉ ማስታመም ትጀምራለች። ጥግ ላይ ያለችውን፣ ወገን የሌላትን ሴት የምታጥባት እሷ ናት፤ ፖፖ የምትደፋላትም እሷ ናት።

«እታለም፣ ሂጂና ጤፍሽን ሰብስቢ» አለቻት ገነትን። «እስከ ሐሙስ እኔ አለሁላቸው። ከሐሙስ ወዲያ ግን እንጃ።»

ለምን እስከ ሐሙስ? ገነት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። እዚያ ከሁሉ ቀድማ ደግ የሆነችላት ሴት ናት ፓስፖርቷን ይዛባት የጠፋችው። ስለዚህ አሁንም እሺ ከማለቷ በፊት ማየት ጀመረች።

አዛለች ከተቀመጠችበት ስትነሣ ሁልጊዜ መቀነቷን ጎኗ ላይ በእጇ ይዛ ነው። ጎንበስ ብላ ስታጥብም አንድ እጇ ወደዚያው ይመለሳል። የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው መቀነቱን እንዲህ አይጠብቅም።

የክኒኑ ነገር ደግሞ ባሰ። ሲስተር ኤሌኒ ጠዋት ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስትደርስ ክኒኑን አዛለች መዳፍ ላይ ታደርጋለች። «አንቺ ደግሞ ትንሽ ዕረፊ እንጂ፣ ምን ያክለፈልፍሻል» ብላ ተቆጥታ ታልፋለች። አዛለች ክኒኑን ጨብጣ ወደ ቧንቧው ትወጣና ባዶ እጇን ትመለሳለች። ወደ እማማ ውዴ አፍ የሄደ ክኒን ገነት አንድም ቀን አላየችም። አሮጊቷ እግራቸውን እያሻሹ ዝም ብለው ይቃትታሉ።

«ትሸጠዋለች» አለች ገነት፣ እጎኗ ሌላ በሽተኛ ለምታስታምመው ለፈንቴ።

«እኔ ደግሞ ጽድቅ በኩንታል ልትጭን መስሎኝ ነበር» አለች ፈንቴ።

ረቡዕ ከሰዓት የአዛለች የንስሐ አባት ከጉና መጡ። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ብዙ ተናዘዘች፤ ቄሱ በመስቀላቸው ባረኳት። ገነት በመስኮት እያየች፣ ንጹሕ ሰው ይህን ያህል የሚናገረው የለውም ብላ አሰበች። አዛለች ስትመለስ፣ ለባዳ ሰው ይህን ሁሉ የምትለፊው ለምንድን ነው ብላ ገነት ጠየቀቻት።

አዛለች ትንፋሿ እስኪመለስ ጥቂት ቆየች።

«ጌታ ታሞ የተኛው እዚህ አይደል እንዴ» አለች። «ሌላ የት ሄጄ አገኘዋለሁ?»

ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር፤ ይኸውም ገና ሊደርስ ሲል የሚጾመው ነው። ማታ ሁሉም ያለውን ሲቀማምስ አዛለች እህል አልቀመሰችም፤ ውኃም በአፏ አልዞረ። ጋቢዋን አምጥታ የገነት እናት ላይ ደረበችው። «ነገ አልፈልገውም» አለች። ለካ ሐሙስ ያለችው ለዚህ ኖሯል፣ ያጠራቀመችውን ይዛ ልትሄድ ነው አለች ገነት በልቧ።

ሐሙስ ጠዋት ይሻው ደወለ። እብናት ዘንቧል፤ ጤፉ ጭቃ ውስጥ ነው። ገነት ስልኩን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ማልቀስ እንኳን ደከማት። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የሚታመን ሰው ቢኖር ኖሮ አለች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ሲስተር ኤሌኒ ዘንድ ሄደች።

«የዘጠኝ ቁጥር መድኃኒት እየተሰረቀ ነው» አለቻት። «በሽተኛዋ አንዲት ክኒን አልዋጡም። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ሲስተር ኤሌኒ ግራ ገብቷት፣ «እስቲ ነይ» ብላ አስከትላት ገባች። ከኦፕራሲዮን ክፍል የመጡ ሁለት ሰዎች ጎማ ያለውን አልጋ እየገፉ ከኋላቸው ደረሱ፤ ዘጠኝ ቁጥር አጠገብ አቆሙት። አዛለች፣ ገነት የዘገየች ጊዜ፣ አጥሚቱን አንሥታ የገነትን እናት ታጎርስላት ነበር።

እማማ ውዴ ቀስ ብለው ከአልጋው ወረዱና ኮንጎ ጫማቸውን አጠለቁ፤ አዛለችም ማንኪያውን ለገነት አቀብላት፣ መቀነቷን ፈትታ፣ ባለ ጎማው አልጋ ላይ ወጥታ ተኛች።