አንድ ምርቃት የበዛባት ልጅ

ከወደቅሁ ወዲህ አነክሳለሁ። የጎረቤቴ የስንቅነሽ ልጅ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች አረማመዴን አስመሰለች፤ ጓደኛዋ በስልክ ቀረጸቻት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። እነዚህ ልጆች አሮጊት ሁሉ ዕውርና ደንቆሮ ይመስላቸዋል። ቪዲዮውን ያሳየኝ የገዛ የልጅ ልጄ ነው፤ ያውም እየሳቀ!

ቂሜን በሆዴ ያዝኩ። ዛሬ ጠዋት ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትሄድ ስትል፣ እናቷ እጇን ይዛ አመጣቻት።

«እማማ ደብሪቱ፣ ይመርቁልኝ።»

ልጅቷ ጉልበቴን ስማ ተንበረከከች። እጄን አናቷ ላይ ጫንኩ።

«ፈተናውን ያቅልልልሽ።»

«አሜን!» አሉ እናትና ልጅ።

«ዕድሜ ይስጥሽ፤ እንደኔ ሰማንያ ዓመት ያድርስሽ።»

«አሜን!»

«ልጅ ይስጥሽ፤ የልጅ ልጅም ያሳይሽ።»

«አሜን!»

«የልጅ ልጆችሽ ሁሉ ቁርጥ አንቺን ይምሰሉ። በሄድሽበት ሁሉ ከኋላሽ አይጥፉ።»

«አሜን! አሜን!» አለች እናቷ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ።

ልጅቷ አሜን አላለችም። ቀና ብላ እግሬን አየች።

«እማማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የመጨረሻውን ምርቃት ያንሱልኝ።»