ተረፈ ለቡና ለቃሚዎቹ የሚያድለው «ቫይታሚን»

ጠጋ በሉ ልጆቼ... ጠጋ።

አምና ነው፣ ጥቅምት ላይ፤ ቴፒ ቡናው የቀላበት ሰሞን።

ጎረቤቴ ዓለምሸት ቡናው ስር ዘፍ ብላ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቁሯል... ትንፋሿ ይመጣል ይጠፋል።

«ፀሐይ መቷት ነው» አለ አንዱ።

«የምን ፀሐይ! ጥላ ውስጥ አይደል እንዴ የምንለቅመው!»

ቆይ፣ ከስሩ ልንገራችሁ።

የቡናው ባለቤት ተረፈ ነው። ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤትም አለው። ጠዋት ጠዋት ለኛ ለለቃሚዎቹ ሁሉ በገዛ እጁ ኪኒን ያድላል።

«ቫይታሚን ነው እናቶቼ፣ ለጉልበት!»

ወገብ አያም፣ ድካም የለ... መራቂው ብዙ!

የዓለምሸት አባት ቲቶ ደግሞ ቤት ተኝቷል። ካንሰሩ አጥንቱ ገብቶ፣ ሲያቃስት ሰፈሩ ይሰማል። ዓለምሸት የሐኪም የማስታገሻ ማዘዣ ይዛ ተረፈ ጋ ስትሄድ...

«አልቋል እህቴ፣ የዛሬ ሳምንት ብቅ በይ።»

ሁሌ «የዛሬ ሳምንት»!

የወደቀች ዕለት ሐሙስ ነበር። አብረውን የሚለቅሙት እነ ሹክሪያ የሐሙስ ፆመኛ ናቸው። «ከሚባክን አንቺ ዋጪልን» ብለው የየድርሻቸውን ሰጧት።

ቫይታሚን አይደል? ዋጠችዋ!

ተሸክመን ሆስፒታል ደረስን።

«ምን ወስዳ ነው?» አለች ዶክተሯ።

እኔ ኪኒን አልወድም፤ የኔን መቀነቴ ላይ ቋጥሬው ነበር። ፈትቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው...

«እማማ፣ ይሄ ቫይታሚን አይደለም። ትራማዶል ነው፣ ጠንካራ ማስታገሻ። ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል።»

ቀጥላ ያለችው ግን አንጀቴን አቃጠለው...

«ለአባቷ ያዘዝኩት እኮ ይሄንኑ ነው!»

ስሙልኝ! ለሚያቃስተው አባት «አልቋል»... ቡናውን ለምትለቅም ልጁ ግን በየማለዳው!

ተረፈን መንገድ ላይ ያዝኩት።

«እማማ፣ እኔ እኮ እንዳይደክማቸው አስቤ ነው...»

«ለነሱ? ለቡናህ ነው እንጂ ያሰብከው! አንተ ብሎ ደግ!»

ዓለምሸት ዳነች። ግን ኪኒኑ ሱስ ሆኖባት ላብ በላብ እየሆነች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ «ያን ኪኒን ስጡኝ» ስትል ከረመች። ሌሎቹ ለቃሚዎችም እንደዚያው።

ቲቶ መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ በልኩ እየወሰደ እንቅልፍ አገኘ። የገና በዓል ሳይደርስ አረፈ... ሳያቃስት።

መድኃኒት ቤቱ ታሽጓል። የተረፈ ክስ ግን እስካሁን አላለቀም።

ዛሬም «ደግ ሰው ነበር» የሚሉት አሉ፣ አይገርምም?

ልጆቼ፣ መድኃኒቱ ምን አደረገ? ሐኪም መጥኖ ሲሰጠው ቲቶን አሳርፎታል። ምን እንደሆነ ሳይነግር የሚያጎርሳችሁ ሰው ግን ደግ አይደለም።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ የዓለምሸት ቦታ ብትሆኑ ተረፈን ይቅር ትሉት ነበር?