ራውተሩ ላይ ያለው እንግዳ

መነጽር ሠሪው የሰው ዓይን ሲመረምር ይውላል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ከሶፋው ሌላ ብዙም ነገር አያይም። ያን እሁድ ከሰዓትም ኢንተርኔቱ ባይንቀረፈፍበት ኖሮ በስልኩ የራውተሩን ገጽ አይከፍትም ነበር።

ገጹ ላይ ከቤቱ መስመር ጋር የተገናኙ አራት ዕቃዎች ተደርድረዋል። ቴሌቪዥኑ፣ አሮጌው ኮምፒውተር፣ የሚስቱ ስልክ። አራተኛው ስም የለውም፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አድራሻ ብቻ ነው። ምናልባት የእኔ ይሆናል ብሎ የስልኩን ካርቶን ከቁም ሳጥን አወረደና ጀርባው ላይ ከታተመው አድራሻ ጋር አስተያየው። ጭራሽ አይገጥምም።

ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤት ነው ብሎ ደመደመ። ወዲያው የይለፍ ቃሉን ቀየረ። አዲሱንም ለማንም ሳይናገር፣ በገዛ እጁ፣ በቤቱ ዕቃ ሁሉ ላይ አስገባ። ከዚያ ገጹን መልሶ ከፈተ። እንግዳው ተመልሶ ቁጭ ብሏል።

ጎረቤቱ አዲሱን ቃል ከየት ያመጣል? ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እኔ ሳልኖር ቤት የሚመጣ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። እጇ ቀጥ አለ።

«ማን ይመጣል?» አለች።

የምን ምርመራ ነው ብላም ተቆጣች፤ ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ፈታ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረች። ሌሊቱን ጀርባ ለጀርባ ተኙ። መነጽር ሠሪው ይህችን ሴት ይወዳታል፤ ካለሷ እንዴት እንደሚኖር ማሰብ እንኳ አቃተው።

በማግስቱ ሱቁ ሆኖ ሚዜው ጋር ደወለ። ሚዜው አብሮ አደጉ ነው፤ እንጀራውም በየሰው ቤት ኢንተርኔት መዘርጋት። ባልና ሚስቱ ወደ አዲሱ ቤት ከገቡ ወዲህ ግን፣ ሥራ በዛብኝ እያለ፣ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። መነጽር ሠሪው የሆዱን ሁሉ ዘረገፈለት።

«ማንን ጠረጠርክ?» አለው ሚዜው።

«ሰውየውንማ አላውቀው። እሷን ነው እንጂ።»

ሚዜው በረጅሙ ተነፈሰ። አሁኑኑ ቤትህ ሂድና ደውልልኝ አለው።

ሚስቱ ሥራ ላይ ስለሆነች ቤቱ ባዶ ነበር። መነጽር ሠሪው ደውሎ፣ ኮምፒውተሩን መኝታ ቤት ወስጄ ልክፈተው ሲል ሚዜው ከለከለው፤ መኝታ ቤታችሁ ዋይፋይ አይይዝም፣ ሳሎን ሁን አለው። የራውተሩን ገጽ በኮምፒውተሩ አስከፈተው። ቀጥሎ የስልኩን ዋይፋይ አስጠፋው። እንግዳው ከገጹ ላይ ጠፋ። መልሶ አስበራው። እንግዳው ከች አለ።

«አንተ ሞኝ፣ የገዛ ስልክህ እኮ ነው» አለው ሚዜው፣ ሳቁ አላባራ ብሎት።

አዳዲስ ስልኮች ማንም እንዳይከታተላቸው ካርቶኑ ላይ ያለውን አድራሻ ትተው ሌላ እየፈጠሩ እንደሚገናኙም አስረዳው። መነጽር ሠሪው ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ደስታና ሀፍረት አንድ ላይ መጡበት። ወደ ሱቁ ሳይመለስ፣ ሚስቱን ይቅርታ የሚልበትን ቃል ሲመርጥ ዋለ።

ሚስቱ ስትገባ ቦርሳዋን ተቀበላት። ከየት እንደሚጀምር ጠፋውና፣ ትናንት ስለጠየቃት ነገር ዛሬ ሚዜው ጋር ደውሎ እንደነበር ነገራት። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሚስቱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ቀድሜ ልነግርህ ነበር» አለች፤ «ቆይ ያለኝ እሱ ነው።»