ከገብርኤል ሥዕል ጀርባ

ሀኒ አማቷን ወደ ደልጊ ልትመልስ ያሰበችው በዓሣው የተነሣ አይደለም። ወይዘሮ ሸዋዬ ከአገራቸው ያመጡትን የዓሣ ቋንጣ ከልብሷ ጎን ገመድ ላይ ያሰጣሉ፤ እሷም ኮሌጅ ቢሮዋ ውስጥ ዓሣ ዓሣ እየሸተተች ትውላለች። ይህን ችላዋለች። ያልቻለችው ሐሜቱን ነው።

«ቤት ለቤት እየዞሩ ያሙሻል» ብላታለች ጎረቤቷ የሺአረግ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሀኒ ግን በሰው ወሬ አትፈርድም፤ ራሷ ልትሰማ ቆረጠች።

ሹም አቦ ሰፈር የተከራዩት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ችፑድ ነው። ወይዘሮ ሸዋዬ ሳሎን ይተኛሉ፤ ሁለቴ ካልጠሯቸው አይሰሙም። እሑድ ምሽት ሀኒ ለባሏ ለዓምደ ሚካኤል ሐሳቧን ነገረችው።

«አሮጌዋን ስልኬን እየቀዳች ሳሎን እተዋታለሁ። አንዲት ክፉ ቃል ከወጣቸው ቅዳሜ ደልጊ ይሄዳሉ።»

እናቱ ደልጊ ማንም የላቸውም፤ ጉልበታቸውም ውኃ አያስቀዳቸውም።

«እናቴን አታውቂያትም» አለ ባሏ።

«አሁን ላውቃቸው ነው።»

ሰኞ ጠዋት ስልኳን ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጀርባ ሸጎጠቻት። አማቷ ሥዕሉን ይሳለማሉ እንጂ ጀርባውን ምን ያደርጉታል?

ከሥራ ስትመለስ ሻወር ቤት ገብታ በማዳመጫ ሰማች። የፍሪጅ ድምፅ፤ የባጃጅ ጥሩንባ። ከዚያ አማቷ፣ ጥርት ብለው፣ ለጸሎት ቆመው፦

«ቅዱስ ገብርኤል፣ ሀኒዬን ጠብቅልኝ። ከወለድኋቸው ይልቅ የጦረችኝ እሷ ናት። ክፉ ልናገርባት ብል አፌን ያዝልኝ።»

ማክሰኞም ያው ነው። ረቡዕ ለወገቧ ሕመም ጸለዩላት። ሐሙስ የሺአረግ መጥታ ገና አፏን ስትከፍት «የልጄን ስም በዚህ ቤት በክፉ እንዳታነሺ» አሏት። ዓርብ ሀኒ ሻወር ቤት ውስጥ አለቀሰች። ሰው ለሰው ይዋሻል፤ ለመልአኩ ማን ይዋሻል?

ስልኳ ራሷ አስገርማታለች። ባትሪዋ ግማሽ ቀን አይዘልቅም ብላ የጣለቻት ስልክ፣ አንዴም ሳትሰካት አምስቱን ቀን ሠራች። ሀኒ ይህንንም ከገብርኤል ቆጠረችው።

ቅዳሜ አዲስ ነጠላ ገዝታ አማቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላቸው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ደልጊ ብሎ ነገር የለም። ቤትዎ ይሄ ነው።»

ወይዘሮ ሸዋዬ አገላብጠው ሳሟት፤ ረጅም ምርቃትም መረቋት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ዓሣቸውን ሊያገላብጡ ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሀኒዬ፣ ያቺን ስልክ ዛሬ አንቺ ሰኪያት፤ እኔ አልሰካኋትም።»